የፊልም ዘመን ሰፊ ማዕዘን ሌንሶች በዲጂታል ካሜራ ላይ፦ የዕድሜ ክርክሩ የሳተው ጉዳይ

በጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሙሉ ግድግዳን ወይም ጣሪያን በአንድ ፎቶግራፍ መያዝ ያለበት አጥኚ ሰፊ ማዕዘን ሌንስ ያስፈልገዋል። አዲሱ ሌንስ ውድ ነው፤ ከፊልም ዘመን የተረፈው ግን ብዙ ጊዜ ባነሰ ዋጋ ይገኛል፤ በአስማሚ ቀለበት አማካይነትም ከዛሬው መስታወት አልባ ዲጂታል ካሜራ ጋር ይገጥማል። በዚህ ልማድ ላይ የሚሰነዘሩት አስተያየቶች ሁለት ጫፍ የያዙ ናቸው። አንደኛው ወገን የድሮ ሌንስ ዛሬ የማይገኝ ጥንካሬና የምስል ለዛ አለው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ዘመኑ ያለፈበት መሣሪያ ለጥናት ማስረጃ አይበቃም ባይ ነው። ሁለቱም ሌንሱን የሚመዝኑት በዕድሜው ስለሆነ ሁለቱም ስተዋል። የምስሉን ተአማኒነት በዋናነት የሚወስነው ብርሃኑ ከሌንሱ የኋላ ብርጭቆ ወጥቶ ሴንሰሩ ላይ የሚያርፍበት ማዕዘን ነው። በዚህ መስፈርት ሲመዘኑ፣ በፊልም ዘመን እጅግ ከተደነቁት ሰፊ ማዕዘን ሌንሶች አንዳንዶቹ ዛሬ ለቀለም ጥናት በጣም የማይታመኑት ሆነው ይገኛሉ።

ነገሩን ለመረዳት ወደ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መመለስ ይጠቅማል። እንደ ላይካና ኮንታክስ ባሉ ካሜራዎች ውስጥ በሌንሱና በፊልሙ መካከል የሚንቀሳቀስ መስታወት ስላልነበረ፣ የሌንሱ የኋላ ብርጭቆ ፊልሙን ሊነካ እስኪደርስ ድረስ መጠጋት ይችል ነበር። ሉድቪግ በርቴሌ ለዛይስ የነደፈው ባለ 21 ሚሊሜትር ቢዮጎን፣ ሽናይደር ለላይካ ያዘጋጀውና በ1963 የወጣው ሱፐር አንጉሎን፣ በሶቪየት ኅብረትም ለአየር ካርታ ሥራ የሚውሉ ሌንሶችን በመንደፍ የታወቀው ሚኻይል ሩሲኖቭ የሠራው ባለ 20 ሚሊሜትር ሩሳር የዚህ ነፃነት ፍሬዎች ናቸው። በእነዚህ ሌንሶች ውስጥ ከቀዳዳው ፊትና ኋላ ያሉት ብርጭቆዎች እንደ መንታ ተቀራራቢ ቅርጽ አላቸው። የፊተኛው ወገን ቀጥተኛውን መስመር ወደ ውጭ ቢያጎብጠው የኋለኛው ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፤ ውጤቱም ዓምዱ እንደ ዓምድ፣ የበሩ መቃን እንደ መቃን ቀጥ ብሎ የሚታይበት ምስል ነው። የካርታ ሰዎች የወደዱትም ለዚሁ ነው።

በአንድ ሌንስ የሚታይና የሚነሳ፣ መስታወት ያለው ካሜራ ሲስፋፋ ግን ይህ ንድፍ ቦታ አጣ። ለምሳሌ በ1959 በወጣው ኒኮን ኤፍ ላይ ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት 46.5 ሚሊሜትር ነው፤ 20 ሚሊሜትር የትኩረት ርቀት ያለው ሌንስ ደግሞ በተለመደው ንድፍ ከዚያ ርቀት ላይ ቆሞ ምስል ሊጥል አይችልም። ፈረንሳዊው አንዤኒዩ በ1950 ሬትሮፎከስ ብሎ ያወጣው ባለ 35 ሚሊሜትር ሌንስና የየና ከተማ ዛይስ ፋብሪካ ፍሌክቶጎን የተባሉት ሌንሶች መፍትሔውን አመጡ፦ ከፊት ብርሃኑን የሚበትን ትልቅ ብርጭቆ፣ ከኋላ የሚሰበስብ። ሌንሱ ገዘፈ፤ መስመሩም ጥቂት ጎበጠ። በዘመኑ ሚዛን ይህ ንድፍ በግድ የተገባበት ስምምነት ነበር። ይሁንና ብርሃኑ ከሩቅ ስለሚነሳ የምስሉ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ወደ ቀጥታ የቀረበ ነው። ይህ ባሕርይ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የታየው ዲጂታል ሴንሰር ከመጣ በኋላ ነው።

ፊልም ብርሃን ከየት አቅጣጫ እንደመጣ እምብዛም አይመርጥም። ሴንሰር ግን ይመርጣል። እያንዳንዱ የብርሃን መቀበያ ነጥብ በላዩ ላይ የቀለም ማጣሪያ፣ ከማጣሪያውም በላይ ብርሃኑን ወደ ታች የምትሰበስብ ደቃቅ ሌንስ አለው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ መከላከያና ማጣሪያ ብርጭቆ ተደርቧል። በ24 በ36 ሚሊሜትር ሴንሰር ላይ ባለ 21 ሚሊሜትር ሌንስ የምስሉን ጥግ የሚያገኘው በ46 ዲግሪ ገደማ ነው። ሌንሱ ፍጹም ተመጣጣኝ ቢሆን ብርሃኑ በዚያው ማዕዘን ስለሚወጣ፣ በታወቀው የኮሳይን አራተኛ ርቢ ሕግ ጥጉ የሚያገኘው ብርሃን ከመሃሉ ሩብ ያህል ብቻ ነው። ይህ በፊልምም የነበረ ጉድለት ነው። አዲሱ ችግር ለአንዱ ነጥብ የተላከው ሰያፍ ብርሃን የጎረቤቱን ቀለም ማጣሪያ አልፎ መግባቱ ነው። በዚህ ጊዜ የምስሉ ዳርና ዳር ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ይሳባል፤ ግራና ቀኙ የተለያየ ቀለም የሚይዝበት ጊዜም አለ።

በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ በረድፍ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች በዚህ ዓይነት ሌንስ ያነሳ ተማሪ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም። ፊቶቹ ተደጋጋሚ ስለሆኑ የመሃሉን ፊት ከጥጉ ፊት ጋር ማወዳደር የሚጋብዝ ሥራ ነው። ጥጉ ላይ ያለው ፊት ቀልቶ ወይም ጠቁሮ ቢታይ፣ ሌንሱን ያልጠረጠረ አንባቢ እርጥበት ነው፣ ጥላሸት ነው፣ ወይም የሌላ ሠዓሊ እጅ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ስለ ቅርስ ጉዳት የሚጻፍ አንድ አንቀጽ ከአንድ ሌንስ ጠባይ ተነሥቶ ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው።

የጥራቱም ጉዳይ ቀላል አይደለም። የሴንሰሩ መሸፈኛ ብርጭቆ 2 ሚሊሜትር ውፍረትና 1.5 የብርሃን ስብራት መጠን አለው ቢባል፣ በመሃል የትኩረት ነጥቡን በ0.67 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ይገፋል። መሃሉ በዚህ መልክ ከተስተካከለ በኋላ፣ በ45 ዲግሪ የሚመጣው ብርሃን በአንዱ አቅጣጫ ተጨማሪ 0.26፣ በሌላው አቅጣጫ ተጨማሪ 0.65 ሚሊሜትር ይገፋል። የፊልም ዘመን ነዳፊ ይህን ብርጭቆ በስሌቱ ውስጥ አላስገባውም፤ በፊልም ፊት ብርጭቆ አልነበረምና። ቀዳዳው እስከ ኤፍ 11 ቢጠብ፣ 0.03 ሚሊሜትር የሆነ የብዥታ ክብ እንደ ጥርት ተቆጥሮ፣ ምስሉ ሊታገሠው የሚችለው ስሕተት ወደ ፊትም ወደ ኋላም 0.33 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ስሕተት ይዋጣል፤ ሁለተኛው ይቀራል። «ቀዳዳውን አጥብበው፣ ይስተካከላል» የሚለው የተለመደ ምክር እውነትነቱ ግማሽ ነው። ለቀለሙ ደግሞ ምንም አይፈይድም፤ ቀዳዳው ቢጠብም የብርሃኑ ዋና ማዕዘን አይለወጥም።

ቴክኖሎጂው ይህን ፈትቶታል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። በከፊል ልክ ነው። በ2015 ከሶኒ ኤ7አር 2 ጋር የመጣው፣ ሽቦዎቹ ከብርሃን መቀበያው ጀርባ የተዘረጉበት ሙሉ መጠን ሴንሰር የቀለሙን መዛባት በእጅጉ ቀንሷል፤ ላይካም ለራሱ ሌንሶች ሲል መሸፈኛ ብርጭቆውን አሳስቷል። ነገር ግን ወፍራሙ ብርጭቆ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ አለ፤ አቅም የሌለው ተማሪ እጅ የሚገባውም ብዙ ጊዜ የቀደመው ካሜራ ነው። አነስተኛ ሴንሰር ያለው ካሜራ ጥጉን ቆርጦ ስለሚጥል ችግሩን ያቃልላል የሚሉም አሉ፤ ሆኖም ባለ 20 ሚሊሜትሩን ሌንስ እንደ ባለ 30 ሚሊሜትር አድርጎ ካጠበበው ሰፊ ማዕዘን መፈለጉ ምን ትርጉም ነበረው?

ዕድሜ በእርግጥ የሚቆጠርበት ቦታ አንድ ነው፦ የብርጭቆው ሽፋን። ባለ አንድ ንብርብር ሽፋን የነበራቸው ሌንሶች ጨለማ ክፍል ውስጥ መስኮት ፊት ለፊት ሲገጥማቸው ጥላውን በነጭ ጭጋግ ያለብሱታል። ይህ ግን በአቋቋም ሊሸሹት የሚቻል ጉድለት ነው።

ዋናው የምርጫ ምክንያት ሌላ ነው። የጎበጠ መስመር በስሌት ይቃናል፤ ጉብጠቱ የሌንሱ ቋሚ ጠባይ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከተለካ በቀጣዮቹ ምስሎች ሁሉ ላይ ይሠራበታል። ጥጉ ላይ የተደባለቀ ዝርዝር ግን በየትኛውም ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ አይለይም። ስለዚህ የግድግዳ ሥዕል ለሚያጠና ሰው፣ የመስመሩን ጉብጠት ለክቶ እስካረመ ድረስ፣ ባለ 20 ሚሊሜትሩ ፍሌክቶጎን ከሱፐር አንጉሎን ይሻለዋል። ዓምድና ቅስት ብቻ የሚለካ፣ ቀለም የማያሳስበው አጥኚ ሱፐር አንጉሎኑን ወይም ሩሳሩን ቢመርጥ አይወቀስም፤ የሚለካውን ነገር ከጥጉ እስካራቀ ድረስ።

ተመጣጣኙን ሌንስ ለቀለም ሥራ የግድ መጠቀም ያለበት ሰው ማረሚያ ምስል ሊያነሳ ይገባል። ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ፕላስቲክ ሌንሱ ፊት ላይ አስጠግቶ፣ በዚያው ቀዳዳና በዚያው የትኩረት ርቀት አንድ ምስል ይነሳል፤ ከዚያም እያንዳንዱ የመስክ ምስል በእርሱ ይካፈላል። ቀዳዳው ሲቀየር ማረሚያውም አዲስ መሆን አለበት። ጥጉን አራት እጥፍ ማጉላት ጥጉ ላይ ያለውን ዝብርቅርቅ ነጥብ አብሮ እንደሚያጎላም መዘንጋት የለበትም።

የድሮ ሌንስ ከካሜራው ጋር በኤሌክትሪክ ስለማይገናኝ የሌንሱ ስምም ሆነ የቀዳዳው መጠን በምስሉ ፋይል ውስጥ አይመዘገብም። የትኛው ምስል በየትኛው ሌንስ እንደተነሳ የሚያውቀው የአጥኚው ማስታወሻ ደብተር ብቻ ነው፤ ደብተሩ ከጠፋ ማረሚያውም አብሮ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት የጥናቱ ዘዴ በሚገለጽበት ምዕራፍ ውስጥ «ፎቶግራፎቹ በዲጂታል ካሜራ ተነሥተዋል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ሊበቃ አይገባም። የሌንሱ ስምና ንድፍ፣ የሴንሰሩ መጠን፣ የቀዳዳው ልክ፣ ማረሚያ መደረጉና አለመደረጉ አብረው ይጻፉ፤ ፈታኞችም ያልታረመውን ምስል በአባሪነት ይጠይቁ።