ኮምቦልቻ፦ ከፋብሪካው አጥር ውጭ ያለው ጥያቄ

ኮምቦልቻ ስትነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው የኢንዱስትሪ ፓርኩን ነው። በሐምሌ 2009 የተመረቀው ይህ ፓርክ በመጀመሪያ ምዕራፉ 75 ሄክታር መሬት ላይ ያረፈ ሲሆን 90 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። ከተማዋ ግን ከዚያ በፊትም በደርግ ዘመን በተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና በብረታ ብረት ምርቷ የታወቀች ነበረች። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ መገኘቷና በባቲና ሚሌ በኩል ከጅቡቲ ጋር መገናኘቷ ለኢንዱስትሪ ተመራጭ አድርጓታል።

ይሁን እንጂ 2014 የዚህን ዕድገት ስስ ጎን አሳይቶናል። ከተማዋ በሰሜኑ ጦርነት ለሳምንታት ተይዛ ስትቆይ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ተዘረፉ። ነፃ ከወጣች ወር ሳይሞላ ደግሞ፣ በታኅሣሥ፣ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተሰረዘች። ለአሜሪካ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ከቀረጥ ነፃ የመግባት ዕድላቸውን አጡ።

እዚህ ላይ ልናጤነው የሚገባ ነገር አለ። ትዕዛዝ ሲቋረጥ የውጭ ባለሀብት ሥራውን ወደ ሌላ አገር ማዞር ይችላል። ከወሎ ገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትኖር ወጣት ሠራተኛ ግን ያላት ምርጫ ወይ ወደ ቤተሰቧ መመለስ ወይ ወደ ዐረብ አገር መሰደድ ነው። ሥራው እያለም ቢሆን ደመወዟ ከኪራይና ከምግብ አልፎ ለቁጠባ የሚተርፍ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ሳይወሰን ዓመታት አልፈዋል።

ስለዚህ የከተማዋ ዕድገት መለካት ያለበት በሼዶች ብዛት ሳይሆን በከተማዋ ውስጥ በሚቀረው ገንዘብ ነው ብለን እናምናለን። ጨርቁና ቁልፉ ከውጭ መጥቶ ልብሱ ተሰፍቶ ከወጣ ለአካባቢው የሚቀረው ያቺው አነስተኛ ደመወዝ ብቻ ናት። ካርቶን፣ መለዋወጫ፣ የሠራተኛ ምግብና የጥገና አገልግሎት የሚያቀርቡ የአካባቢው ወርክሾፖች ሲበዙ ግን አንድ ፋብሪካ ቢዘጋ እንኳ ሙያውና ማሽኑ እዚያው ይቀራል።

ለዚህ ካፒታል ያስፈልጋል። በወለድ መበደር ሐራም መሆኑን የሚያውቅ ሙስሊም ባለሙያ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ከብድር ርቆ ኖሯል። ከ2013 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ መጀመራቸው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ፋይናንሳቸው በአብዛኛው በሙራበሃ ላይ ያተኮረ ነው፤ ባንኩ ዕቃ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ይሸጣል፣ መያዣም ይጠይቃል። ይህ ሐላል ቢሆንም ቤትና ንብረት ላለው ነጋዴ እንጂ እጁ ላይ ሙያ ብቻ ላለው ወጣት የሚመች አይደለም። ትርፍና ኪሳራን የሚጋሩት ሙሻረካና ሙዳረባ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

በእርግጥ ሽርክና ለባንኩም አደጋ አለው፤ ትክክለኛ ሒሳብና አማና ይፈልጋል። ስለዚህ ባንኮች በጥቂት ወርክሾፖች ቢጀምሩ፣ የከተማው አስተዳደር ከፋብሪካዎች ጋር የአቅርቦት ውል ቢያመቻች፣ እኛም ቁጠባችን የት እንደሚውል ብንጠይቅ ይበጃል። ለኮምቦልቻ ልጆች ሪዝቃቸውን በአገራቸው የሚፈልጉበት በር የሚከፈተው፣ ኢንሻአላህ፣ በዚህ መንገድ ነው።