ስለ አሰብ ስናወራ የምንዘላቸው ከተሞች

አል አይን የምትኖሩ ከሆነ የአል ጃሂሊን ምሽግ ታውቁታላችሁ። በዕረፍት ቀን ከጎኑ ባለው መናፈሻ ከጓደኛ ጋር ያልተቀመጠ ሐበሻ ጥቂት ነው። ወደ ውስጥ የገባችሁስ ስንቶቻችሁ ናችሁ? በ1890ዎቹ በሼህ ዛይድ ቢን ኸሊፋ ዘመን የተገነባው ይህ ምሽግ ለአንድ እንግሊዛዊ ተጓዥ የተሰናዳ ቋሚ የፎቶግራፍ ዐውደ ርዕይ አለው። ሰውየው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ይባላል፤ ሩብ አል ኻሊ በረሃን አብረውት ያቋረጡት በደዊዎች ግን ሙባረክ ቢን ለንደን ብለው ጠሩት።

ቴሲጀር በፈረንጆቹ 1910 የተወለደው አዲስ አበባ ነው። በእግሩ ያቋረጠው የመጀመሪያው ትልቅ በረሃም የዓረቦቹ ሳይሆን የእኛው አፋር ነበር። በ1933 መጨረሻ ከአዋሽ ጣቢያ ተነስቶ ወንዙን ተከተለ፤ አውሳን አልፎ አቤ ሐይቅ ደረሰ፤ በ1934 ታጁራ ላይ ከባሕር ተገናኘ። ያኔ በአፋር ምድር የግመል መንገድ እንጂ የመኪና መንገድ አልነበረም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጣሊያን የኮምቦልቻ-አሰብን መንገድ ዘረጋ። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚያ መንገድ ነው።

አጎቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ከኮምቦልቻ ወርዶ ሚሌን፣ ሰርዶን፣ ዲቾቶን ያልፋል፤ ከዚያ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ (የጎጃሙን ቡሬ አይደለም) እያለ አሰብ ይገባል። ከቡሬ እስከ ወደቡ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከሙቀቱ የተነሳ ሌሊት መንዳት ይመርጡ ነበር። ስለ ወደቡ ሲያወራ ብዙም ሰምቼው አላውቅም። ወሬው ሁሉ ስለ ማንዳ ነው፦ ጎሚስታው፣ ሻይ ቤቱ፣ ደጅ የሚዘረጋው የገመድ አልጋ፣ የፍየል ወተት ይዘው የሚመጡት የአፋር ሴቶች።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ይህ ሁሉ ቆመ። አብዛኛው የአገሪቱ ጭነት ያልፍበት የነበረው መንገድ ለንግድ ተዘጋ። መኪናው ዲቾቶ ሲደርስ ወደ ጋላፊ እየታጠፈ ጅቡቲ መግባት ጀመረ። ከመታጠፊያው ወዲያ ያሉት ከተሞች በአንድ ክረምት ደንበኛ አጡ። ቡሬ ደግሞ ግንባር ሆነች። ጎማ የሚያድስና ሻይ የሚያፈላ ሰው መኪና ካላለፈ ምን ይሠራል? መሄድ የቻለ ሄደ። የቀረው ከብቱን የያዘ አርብቶ አደር ነው፤ እሱም ቢሆን ዘመዱ ከድንበሩ ወዲያ ነው፤ የአፋር ሕዝብ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ጅቡቲ ውስጥ የተከፋፈለ ነውና።

ከ20 ዓመት በኋላ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የሁለቱ አገር መሪዎች ቡሬ ላይ ተገናኝተው ድንበሩን ከፈቱ። ከዚያ በፊት በነበረው ሐምሌ አቡ ዳቢ ሁለቱንም ተቀብላ የዛይድን ኒሻን ሸልማቸው ስለነበር ዜናው እዚህ ሞቅ ብሎ ነበር፤ ከዓረብኛ ወደ አማርኛ ስመልስ ያመሸሁባቸውን ቀናት አስታውሳለሁ። ዓመት ሳይሞላው ግን መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ። መክፈቻውን የዘገበው ሁሉ መዘጋቱን አልዘገበም። የተከፈተ ዕለት ዕቃውን ጭኖ የመጣ ነጋዴ ምን እንደሆነ የጠየቀም አላጋጠመኝም።

ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የባሕር በር ጉዳይ በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ዓረብኛው «መንፈዝ» ይለዋል። ቃሉ ለድንበር መተላለፊያውም ለባሕር መውጫውም ያገለግላል። አማርኛው «በር» ይላል። በር ካለ ደጃፍ አለ፤ ደጃፉ ላይ የሚኖር ሰውም አለ። እኔ ግን በተረጎምኳቸው ዘገባዎችና ትንታኔዎች ውስጥ ማንዳ የሚለውን ስም አንድም ቀን አልጻፍኩም። ካርታው ከአዲስ አበባ ይነሳና አሰብ ላይ ያርፋል፤ በመሃል ያለው ባዶ አሸዋ ተደርጎ ይታለፋል።

ይህ መዝለል የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በማኅበራዊ ሚዲያ «አሰብን እናስመልስ» ብሎ የሚፎክር ሰው፣ እዚህ አል አይን ውስጥም ሞልቷል፣ የመጀመሪያው ጥይት የማን ቤት እንደሚደርስ ቢያስብ ደስ ይለኛል። የሚደርሰው ኤሊዳርና ማንዳ ነው፤ ከወዲያ ማዶም የእነሱው ዘመዶች ቤት ነው። በ1990 ገበያቸውን ያጡት እነሱ ናቸው፤ በ2011 ተስፋ ተሰጥቷቸው የተነጠቁትም እነሱ ናቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲወሰንባቸው ዝም ብለን ልንተረጉም ነው?

ወደቡ የመንግሥታት ድርድር ነው፤ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ፍየል፣ ጨው፣ ዱቄትና የሠርግ ጥሪ ይዞ የሚሻገር ሰው ግን የወደቡን ውል መጠበቅ የለበትም። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቢሆን ለአካባቢው ነዋሪ ብቻ የሚከፈት የእግርና የግመል መተላለፊያ ቡሬ ላይ ቢኖር፣ ከባድ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ማንዳ ሻይ የሚያፈላ ሰው ታገኛለች። ተደራዳሪዎቹ ከታሪፍና ከመርከብ አስቀድመው ይህን አንዲት አንቀጽ ይጻፉ።

ባለፈው ወር አጎቴ ጋ ደውዬ ስለ ወደቡ አዲስ ዜና አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ማንዳ ሰው አለ ይላል?» አለኝ። አይልም አልኩት።