ጀልባውን የገፋው ማን ነው?

ቶማስ ኢኪንስ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1876 በዘይት ቀለም የሠራው አንድ የአደን ሥዕል አለ፤ ዛሬ የሚገኘው በዬል ዩኒቨርሲቲ ነው። በረግረግ ላይ፣ በጠባብ ጀልባ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ቀይ ሸሚዝ የለበሰው ነጭ አዳኝ ጠመንጃውን አነጣጥሯል። ጥቁሩ ሰው ረጅም ዘንግ ይዞ ጀልባዋን ያጸናል። የረግረግ ወፍ አደን እንዲህ ነው፤ ውሃው ሲሞላ ገፊው ጀልባዋን በሸምበቆው መካከል ካልነዳት የሚተኮስበት ወፍ አይነሣም። ወፏ የወደቀችበትን ቦታ በዓይኑ የሚይዘውም እሱ ነው።

ርዕሱን ስታነቡ ግን የአዳኙ ሙሉ ስም፣ ዊል ሹስተር፣ ሰፍሯል። ለገፊው ያለው “ብላክማን” የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ጥቁር ሰው እንደ ማለት። በአሜሪካ ባርነት ከቀረ ገና 11 ዓመቱ ነበር። ሠዓሊው በብሩሹ ሁለቱን እኩል አክብሯል ባይ ነኝ፤ ርዕሱ ግን አላከበረም።

ወገኖች፣ አሜሪካ ሩቅ ነው አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስናነሣ አናሲሞስ ነሲብን እንጠራለን፤ ይገባዋልም። ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ ግን ቃላቱን ሰብስባ ከእርሱ ጋር ደክማለች። ከወጣቶቻችን ስንቱ ስሟን ያውቃል?

እዚህ አሬሮም ኮንፈረንስ ሲደርስ ፖስተሩ ላይ የሚወጣው የሰባኪውና የዘማሪው ፎቶ ነው። በአህያ ውሃ አምጥታ ለእንግዳ ያበሰለችው እህት “ያገለገላችሁ ሁሉ ተባረኩ” ተብላ ትታለፋለች። ቦረና ጥልቅ ኤላ ውስጥ ሰው ከሰው በላይ ቆሞ ባልዲ ሲቀባበል ያየ ሰው ይህን እንዴት ይስተዋል? ከታች ያለው ካላቀበለ ከላይ ያለው ምን ያፈስሳል?

“ዋጋቸው በሰማይ ነው” የሚል አለ። እውነት ነው። ታዲያ ሰባኪውንስ ለምን እስከ ሰማይ ጠብቅ አንለውም? ጳውሎስ በሮሜ 16 ፌቤንን፣ ማርያምን፣ ሌሎችንም በስማቸው ይጠራል፤ ደብዳቤውን በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ እንኳ በዚያው ምዕራፍ በራሱ ስም ሰላምታ ያቀርባል።

በሚቀጥለው ኮንፈረንስ ሰባኪው መድረክ ላይ ሳይወጣ በፊት፣ ውሃ የቀዱትና ያበሰሉት ስማቸው ከነአባታቸው ይነበብ። ጊዜ ካጠረ አንድ መዝሙር ይቀነስ።