ለትንሽ ቤት የሚሆን ምጣድ

በዛሬው ገጻችን የምናወጋው ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። በአዲስ አበባ ከቤት ዕቃ ሁሉ እንደ ምጣድ የሚደክም፥ እንደ ምጣድም የሚታማ ያለ አይመስለኝም። እንጀራው ዓይን አላወጣ እንደ ሆነ በመጀመሪያ ሊጡ ይወቀሳል፤ ሊጡ ደኅና ከሆነ ጋጋሪዋ ትወቀሳለች፤ ጋጋሪዋም በበኩልዋ ምጣዱን ትከሳለች። ክርክሩ የሚያበቃው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ምጣድ በመግዛት ነው። ሁለትና ሦስት ሰው ብቻ በሚኖርበት ቤት ግን ይህ ወጪ ቀላል አይደለምና፥ ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ነገሩን መመርመር ይገባል።

ምጣድ አንድ ዕቃ ይምሰል እንጂ ሦስት ነው። ከላይ ሸክላው አለ፤ ከሸክላው ሥር በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ሬዚስታንሱ ተጠምጥሞ በጄሶ ተደፍኗል፤ እነዚህን ሁለቱን ደግሞ ባለ እግሩ ላሜራ አቅፎ ይይዛቸዋል። ሦስቱ ባንድ ቀን አይሞቱም። ሻጩ ግን ሦስቱንም ከነአክንባሎው ቢሸጥላችሁ ደስ ይለዋል፤ አይፈረድበትም፥ ነጋዴ ነው።

ከሦስቱም ውጭ የሆነ አራተኛ ተከሳሽ አለ፤ እርሱም መስመሩ ነው። ስፋቱ 60 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። ይህም በ220 ቮልት ሲታሰብ 16 አምፔር ያህል ነው። ማታ ሰፈርተኛው ሁሉ ምጣዱንና ምድጃውን በሚለኩስበት ሰዓት ቮልቱ ይወርዳል። እንግዲህ 220 የነበረው ወደ 180 ቢወርድ የምጣዱ ኀይል በዚያው ልክ የሚቀንስ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ከዚህ ይብሳል። ኀይሉ የሚቀንሰው ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ስለ ሆነ፥ የሚቀረው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው። (ይህን ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ በአምፖል ምሳሌ ሳስተምር እንቅልፋቸውን ሲያዛጉ የነበሩት፥ በምጣድ ምሳሌ ሳስተምር ሁሉም ነቁ።) በዚህ ሙቀት የሚጋገር እንጀራ ዓይኑን ጨፍኖ ቢወጣ ምን ይደንቃል? ስለዚህ ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሥታችሁ ጋግሩ። ያን ጊዜ ዓይኑ ካማረ ምጣዱ ንጹሕ ነው፤ አዲስ ቢገዛም ማታ ማታ ያው እንደ አሮጌው ይሆናል።

በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም አንዲት በጡረታ የሚኖሩ ጎረቤት አሉን፤ የሚኖሩትም ከልጅ ልጃቸው ጋር ሁለት ብቻ ሆነው ነው። ደረጃው ላይ አግኝተውኝ፥ «መምህር፥ አንተ ኤሌክትሪክ ታስተምር የለም ወይ? ይህ ምጣድ ከዳኝ፤ ነገ ጡረታዬን ስቀበል አዲስ ልገዛ ነው» አሉኝ። ልጅቱ ደግሞ ከዚያው ጡረታ የትምህርት ቤት ጫማ እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። «እትዬ፥ እስቲ መጀመሪያ ሌሊት ጋግረው ይዩት» አልኋቸው። ጋገሩ፤ ባንድ ወገን ዓይኑ አማረ፥ በሌላው ወገን ግን እየተጣበቀ ተቀደደ። ከሶኬት ነቅለን፥ አቀዝቅዘን፥ ብርሃን ላይ ስናየው ከጠርዙ እስከ መካከሉ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ተገኘ።

ይህ ስንጥቅ ለእንጀራው ብቻ የሚያሳስብ አይደለም። ቀጭኑ ሊጥ በዚያ ሠርጎ ከሬዚስታንሱ ሲደርስ ኤሌክትሪኩ ወደ ላሜራው ሊተላለፍ ይችላል። የመሬት ሽቦ በሌለው ቤት ላሜራውን የነካ ሰው ይመታል። እንዲህ የሆነ ምጣድ ለአንድ ቀንም መሥራት የለበትም። ነገር ግን የእትዬ ላሜራና አክንባሎ ደኅና ስለ ነበሩ ሸክላውና ሬዚስታንሱ ብቻ ተለወጡ፤ ወጪውም ከአዲሱ እጅግ ያነሰ ሆነ፤ ጫማውም ተገዛ።

የተበጠሰ ሬዚስታንስን ስለ መቀጠል ግን እኔ ሐሳቤ ሌላ ነው። ጠጋኙ የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጦ ሲቀጥል ሽቦው ያጥራል፤ ያጠረ ሽቦ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ የተቀጠለውም ቦታ ከሌላው ይልቅ ስለሚግል እንደ ገና ይበጠሳል። አንድ ጊዜ ይቀጠል፤ ሁለተኛ ከተበጠሰ አዲስ ይግባ።

እንግዲህ ተመርምሮ ሙሉውን መለወጥ ግድ ሆነ እንበል። ያን ጊዜ ስለ መጠኑ አስቡ። ሦስት ሰው ያለበት ቤት 10 እንጀራ ቢጋግር፥ ለያንዳንዱ 3 ደቂቃ ብንይዝ፥ ግማሽ ሰዓት ነው። ምጣዱ እስኪግል ደግሞ ሩብ ሰዓት ይፈልጋል። ከቆጣሪው አንድ ሦስተኛው እንጀራ ሳይወጣ ነደደ ማለት ነው! 30 የሚጋግር ቤት ግን ለማጋል የሚያወጣው አንድ ሰባተኛውን ብቻ ነው። ትንሽ ቤት 30 ጋግሮ ቢያስቀምጥ ይሻግትበታል። ከጎረቤት ጋር ቀን ተማክሮ በአንድ ግለት ተከታትሎ መጋገር ከሁሉ ይረክሳል፤ ይህ የማይመች ከሆነ 50 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ምጣድ ማሠራት ነው። የ50ው ፊት ከ60ው 70 በመቶ ያህል ስለ ሆነ 2,400 ዋት ይበቃዋል፤ ለቤቱም መስመር ይቀለዋል። እንጀራው ለእንግዳ ትሪ ያንሳል የሚሉ አሉ። እንግዳ የሚመጣው ስንት ቀን ነው? ሁለት አነባብሮ ማቅረብም ነውር የለበትም።

ከአሜሪካ ዘመድ ሊልክላችሁ የሚያስበውን ክብ መጋገሪያ ግን በደግ ቃል መልሱት። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ለኖርዌዮች ሌፍሰ ለሚባል ቂጣ የተሠራውን 40 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ መጋገሪያ ለእንጀራ ይጠቀሙበታል፤ ለእነርሱም ጥሩ ነው። ነገር ግን የተሠራው ለ120 ቮልት ነውና እዚህ በቀጥታ ቢሰካ ከሦስት እጥፍ የበለጠ ኀይል ስቦ ይቃጠላል።

ሸክላውን ስትመርጡ በጣታችሁ ጥፍር ኳ አድርጉት፤ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠውን ውሰዱ፥ የታፈነውን ተዉት። ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች የሚገዛ ሰው ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል መሆኑን እዚያው በእጁ ይዳስስ። ሽቦው የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ባለ 2.5 ከሚሉት አይነስ፤ ባለ 4 ቢሆን ይመረጣል። በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ላይ ምጣድ መሰካት ስፒናውን ያቀልጣል፥ ቤትም ያቃጥላል።

አዲሱን ሸክላ ባንድ ጊዜ አታግሉት። በትንሽ ሙቀት አድርቁት፤ ከዚያ የተወቀጠ ጎመንዘር እየነሰነሳችሁ በማሰሻ ደጋግማችሁ አሹት፤ መልኩ ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ ድረስ አሟሹት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ቢቀደዱ ሻጩን ለመክሰስ አትቸኩሉ፤ እንደ ገና አሽታችሁ አራተኛውን አስፉ።