የኮምፒውተሩ ልጅ ፕሮግራም ይጻፍ፤ «ሲስተም የለም» ይብቃ!

«ሲስተም የለም!»

በዚህች አገር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ ረግጦ ይህችን መልስ ያልሰማ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ከዲንሾ በጠዋት ተነስቶ፣ ከአጋርፋ በሚኒባስ ተጨናንቆ ሮቤ የገባ ገበሬ፣ ወረቀቱን ጨብጦ መስኮቱ ሥር ሲደርስ የሚጠብቀው ይኸው ነው። ሲስተም የለም። መቼ ይመጣል? አይታወቅም። ነገ ተመለስ። የነገው የትራንስፖርትና የማደሪያ ሒሳብ የማን ነው? እሱማ ጭራሽ አይጠየቅም!

ለመሆኑ ይኸ ሲስተም የሚሉት ነገር ዝናብ ነው እንዴ፣ ሲፈልግ የሚመጣ ሲፈልግ የሚቀር? ሲስተም ማለት እኮ ሰው የጻፈው ፕሮግራም፣ ሰው የዘረጋው ገመድ፣ ሰው የሚጠብቀው ማሽን ነው። ሰው የሠራውን ሰው ያበጀዋል። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁትም ስለዚያ ሰው ነው፤ በየቢሮው ጥግ ስለተቀመጠው የአይሲቲ ልጅ።

ሮቤም ሆነ ጎባ ይህን ልጅ ሁሉም ያውቀዋል፤ ስሙን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። «ያ የኮምፒውተሩ ልጅ» ነው የሚባለው። ፕሪንተሩ ወረቀት ጎርሶ እምቢ ሲል እሱ ይጠራል። ቶነር ሲያልቅ እሱ። ቫይረስ የፍላሹን ፋይል ሁሉ ሲደብቀው እሱ። የኃላፊው ልጅ ሞባይል ሲቆለፍም፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እሱ ነው። ብዙዎቹ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወጥተው፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና አልፈው የተቀጠሩ ናቸው። ደመወዛቸውን አታንሱብኝ።

ከእነዚህ መካከል ቀን ሲጠግኑ ውለው ማታ ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩ አሉ። አንዱን በቅርብ አውቀዋለሁ፤ እንጀራው ነውና ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም። የሚማርበት ላፕቶፕ «አልቋል» ተብለው ከተጣሉ ሁለት ላፕቶፖች አውጥቶ ራሱ የገጣጠመው ነው። የሚማረው ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የዳታው ዋጋ ስለማይቀመስ ቪዲዮ አያይም፤ ጽሑፉን አውርዶ ያነባል። መብራት ከሄደም ያው በቃ፣ ተኝቶ ያድራል።

ለሥራው የጠቀመ የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ከየት አመጣው? ከዚያው ከቢሮው። በየጊዜው ከየወረዳው የኤክሴል ሠንጠረዥ ይመጣል። አንዱ ወረዳ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላል፣ ሌላው በፈረንጅ። አንዱ የቀበሌውን ስም በቁቤ ሲጽፍ አናባቢውን ነጠላ ያደርገዋል፣ ሌላው ድርብ። ለሰው አንድ ቀበሌ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት! እሱን በዓይን እየለቀሙ ማዋሃድ ለሁለት ሠራተኞች ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅ ነበር። ልጁ ማታ ማታ ጽፎ በጨረሰው ፕሮግራም ሥራው በደቂቃዎች አለቀ።

ታዲያ ምን ቢባል ጥሩ ነው? «አንተን የቀጠርንህ ፕሪንተር እንድትጠግን ነው!»

ሠራተኞቹም ወደ ዓይን ለቀማቸው ተመለሱ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

እኔ ራሴ ኮድ አልጽፍም፤ የዲፕሎማ ጋዜጠኛ ነኝ። ነገር ግን ልጁ ሲሠራ ተቀምጬ እንዳየሁት፣ የጥገና ሥራ ለፕሮግራመርነት ከሚጠቅሙ ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው። ሰው መጥቶ «ኮምፒውተሩ አይሠራም» ሲለው እሱ አያምንም፣ ይጠይቃል። ገመዱ ተሰክቷል? የጎረቤቱስ ኮምፒውተር ይሠራል? ትናንት ሠርቶ ከነበረ ከትናንት ወዲህ ምን ተቀየረ? አንድ በአንድ እየሞከረ፣ ጤነኛውን ከበሽተኛው እየለየ ጥፋቱን ጥግ ያስይዛል። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰውም አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው እንዲሁ የተደበቀ ስህተት በማሳደድ ነው። በዚያ ላይ ጠጋኙ ከማንም በላይ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ሠራተኛው የት ላይ እንደሚሳሳት፣ ባለጉዳዩ የት ላይ እንደሚጉላላ። ይህን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሶፍትዌር ሻጭ ከየት ያውቀዋል?

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበትን ድረ ገጽ የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቫ አጠገብ ባለው ሰርን በተባለ የፊዚክስ ምርምር ተቋም ተቀጣሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ሐሳቡን ለአለቆቹ ያቀረበው ሰው በተቀያየረ ቁጥር መረጃ እየጠፋ ስላስቸገረ ነው። የተቋሙ ዋና ሥራ አልነበረም። ግን ማይክ ሴንዳል የሚባለው አለቃው በ1990 የሚሠራበት ጊዜ ሰጠው። ጊዜ ብቻ! ከእኛም ወገን ዶክተር አበራ ሞላ አሉ። ከተማ ያጸዳውን ድምፃዊ ማለቴ አይደለም፤ ሙያቸው የእንስሳት ሕክምና የሆነውን ነው። ግዕዝን ወደ ኮምፒውተር ካስገቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ናቸው። ለዚህች ጋዜጣ ፊደል መለቀም ባለውለታው የእንስሳት ሐኪም ከሆነ፣ ፕሪንተር ጠጋኝ ፕሮግራም ቢጽፍ ምኑ ነው የሚገርመው?

መንግሥት ዝም አላለም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮድ ለማስተማር ዘመቻ ጀምሯል። ትምህርቱ ነፃ ነው፣ ሲጨርሱም ሰርተፊኬት አለው። ይበል የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ ሰርተፊኬቱን ይዞ ቢሮ የሚገባው ልጅ ያው ቶነር ለመቀየር ከሆነ፣ ትርፉ ምኑ ላይ ነው? ደግሞስ ትምህርቱ የሚገኘው በኢንተርኔት አይደለም ወይ? በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ፣ የማታ ተማሪውም ትምህርት ቤቱ አብሮ ተዘግቶበታል። በአንድ እጅ «ተማር» እያሉ በሌላው በር መቆለፍ ምን የሚሉት ፈሊጥ ነው?

«ካስተማርነው አዲስ አበባ ይሄድብናል» የሚሉ አለቆችም አሉ። ሊሄድ ይችላል። ሳይማር የተቀመጠውስ ምን ጠቀመ? ሰው የሚሸሸው ዕውቀቱን የሚንቅበትን ቤት ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። አንደኛ፣ የኮምፒውተሩ ልጅ በሳምንት ግማሽ ቀን ይሰጠውና ከቢሮው ችግር አንዱን መርጦ ይሥራበት፤ ይኸም እንደ ሥራ ይቆጠርለት። ሁለተኛ፣ ሥራውን የሚያይለት አዋቂ ያግኝ፤ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ሮቤ ነው፣ መምህራኑና ጠጋኞቹ በወር አንድ ጊዜ ቢገናኙ ማን ይከለክላል? ሦስተኛ፣ ሙከራው በቅጂ ላይ እንጂ በባለጉዳዩ ዋና መዝገብ ላይ አይሁን፤ የጻፈው ፕሮግራምም ከነማብራሪያው ለመሥሪያ ቤቱ ይቅር፣ ልጁ ቢሄድ ሥራው አብሮት እንዳይሄድ። አራተኛ፣ የሠራው ታይቶ የደረጃ ዕድገት ይሰጠው።

ይህን ለመፍቀድ የሚያስፈልገው የአንድ ኃላፊ ፊርማ ነው። እሱን ለመፈረምም ሲስተም የለም እንዳትሉን!