የቅጠሉ ሰዓትና የሾፌሩ እግር

ጫት የጫነ አይሱዙ ሲከንፍ አይታችሁ «አልቃይዳ መጣ!» እየተባባላችሁ ወደ መንገዱ ዳር ሸሽታችሁ ታውቁ ይሆናል። ከተሜው ለዚህ መኪና ያወጣለት ስም ይህ ነው። ኋላም ቀዩ ሲኖትራክ ሲመጣ «ቀይ ሽብር» ተባለ። ቀልዱ መራራ ቢሆንም ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ስንት ቤት እንደዘጋ እናውቃለንና። ስሙ ግን አንድ ነገር ይደብቅብናል። አሸባሪው መሪውን የጨበጠው ሰው ብቻ ይሆንና፣ ከኋላ ተቀምጦ ሰዓት የሚቆጥረው ሌላው ሰው ከታሪኩ ይሰወራል። የዛሬው ሙግቴ ስለዚያ ስለተሰወረው ሰው ነው።

እኔ ያደግሁት መቻራ ነው። መቻራ ከአሰበ ተፈሪ (ከዛሬዋ ጭሮ) 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የዳሮ ለቡ ወረዳ መቀመጫ የሆነች፣ ቡናና ጫት የሚያኖሯት የምዕራብ ሐረርጌ ከተማ ናት። በልጅነታችን የምናደንቃቸው ጀግኖች የእግር ኳስ ተጫዋቾች አልነበሩም፤ የጫት መኪና ሾፌሮች ነበሩ። ማታ ማታ መኪናው ገና ሳይታየን በክላክሱ ድምፅ ብቻ የማን እንደሆነ ለይተን እንወራረድ ነበር። ማን ቀድሞ ገለምሶን እንዳለፈ፣ ማን ማንን ጠመዝማዛው ላይ እንደቀደመው፣ በማግስቱ ትምህርት ቤት የምናወራው ይህንኑ ነበር። ሌላው ዓለም የመኪና እሽቅድምድም የሚለውን ነገር እኛ ያለ ሜዳ፣ ያለ ዳኛ፣ ያለ ዋንጫ በየሌሊቱ እናየው ነበር ማለት ይቻላል።

ወደ አዲስ አበባ ለትምህርት ስሄድ ከእነዚህ ጀግኖች አንዱ ከጎኑ አስቀምጦ ወሰደኝ። መቻራን የለቀቅነው ሌሊት 6 ሰዓት ግድም ነበር። ረዳቱ ከጭነቱ ላይ ተኝቷል፤ ሾፌሩ ጉንጩን ወጥሮ ምርቃናው ከእንቅልፉ ጋር ይታገልለታል። እኔ የመኪናውን በር እጀታ አንቄ ይዤ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምኩ። በመጨረሻ አላስችል ብሎኝ፣

«ጋሼ፣ ትንሽ ቀስ ቢሉ ምን አለበት?» አልኩት።

ሳቀና፣ «ልጄ፣ እኔ መች ሮጥኩ? የሚሮጠው ቅጠሉ ነው፤ እኔ እከተለዋለሁ» አለኝ።

ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ሰው ከአሰበ ተፈሪ ወደ ሚኤሶ በሚያወርደው መንገድ ላይ ተገልብጦ ሞተ። የሞቱ ምክንያት ተብሎ የተጻፈው «ከመጠን በላይ ፍጥነት» የሚል ብቻ እንደሆነ ስሰማ ግን የዚያን ሌሊት መልሱ ትዝ አለኝ። መዝገቡ አልዋሸም። እውነቱን ግን ከግማሽ ላይ ቆርጦታል።

እስኪ ቅጠሉን እንመልከት። ጫት ሞቱን ይዞ የሚወለድ ሸቀጥ ነው። ለቃሚውን የሚያነቃቃው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር፣ ቅጠሉ ከተቀጠፈበት ሰዓት ጀምሮ ኃይሉ ወደ ደከመ ሌላ ንጥረ ነገር እየተለወጠ ይሄዳል፤ በ48 ሰዓት ገደማ ውስጥ አብዛኛው ዋጋው ይጠፋል። በኮባ የሚጠቀለለው፣ ውኃ የሚረጨው ለዚሁ ነው። የአዲስ አበባ ቃሚ ደግሞ ጫቱን የሚፈልገው ከምሳ በፊት ነው፤ በርጫው ከምሳ በኋላ ይጀመራልና። ከመቻራ አዲስ አበባ 434 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ሰው ያለ ዕረፍት ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቀን ተለቅሞ፣ ምሽት ታስሮ፣ በየኬላው ቆሞ፣ ጠዋት ገበያ ላይ መድረስ ያለበት ጭነት ይህን ሰዓት ከየት ያመጣዋል? ከሾፌሩ እንቅልፍና ከእግረኛው ዕድሜ ነዋ! ወደ ምሥራቅም እንዲሁ ነው፤ የአወዳይ ጫት በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ በኩል ሐርጌሳ የሚደርሰው በዚሁ ሩጫ ነው። በኬንያም ከማውዋ ወደ ናይሮቢ ሚራ የሚጭኑት ፒክ አፖች በፍጥነታቸው የታወቁ ናቸው። ሦስቱን መንገዶች የሚያመሳስላቸው የሾፌሮቹ ጠባይ አይደለም፤ ቅጠሉ ነው።

«ሾፌሩ ራሱ እኮ ፍጥነት ይወዳል፤ ይቅማል፤ ይፎክራል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ። ያው ሾፌር፣ በዚያው አይሱዙ፣ ከዚያው ከመቻራ ቡና ሲጭን ለምን አሰበ ተፈሪ አድሮ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ ይነሣል? ሰውየው አልተለወጠም፤ መኪናውም አልተለወጠም። የተለወጠው ቡናው ሳምንት ቢያድርም ቡና መሆኑ ነው።

ይህን ጉዳይ ከእኛ በፊት ያየ አገር አለ። ዛሬ በአሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠር ተመልካች ያለው የስቶክ ካር እሽቅድምድም፣ ማለትም ከመሸጫ የሚወጣውን ተራ መኪና በሚመስሉ መኪኖች የሚካሄደው ውድድር፣ ከሥሮቹ አንዱ ኮንትሮባንድ ነው። በደቡባዊ ግዛቶች ተራሮች በድብቅ የሚወጣውን ቀረጥ ያልተከፈለበት አረቄ ሌሊት ወደ ከተማ የሚያደርሱ ወጣቶች፣ ከውጭ ተራ የሚመስል መኪናቸውን ሞተሩን እያጠናከሩ ከቀረጥ ሠራተኞች ያመልጡ ነበር። ማን ይበልጣል ሲባባሉ እርስ በርስ መሽቀዳደም ጀመሩ። ናስካር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ተመሠርቶ ውድድሩን ሥርዓት አስያዘው።

ጁኒየር ጆንሰን ከእነዚያ ሾፌሮች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 በአባቱ የአረቄ ማውጫ ተይዞ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ታሰረ፤ ከእስር ወጥቶ በ1960 የዴይቶናን ታላቅ ውድድር አሸነፈ፤ በሕይወቱ 50 ውድድሮችን በድል ጨረሰ፤ በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን ይቅርታ አደረጉለት። ጥቁሩ ዌንደል ስኮትም ታክሲ ነጂና አረቄ አመላላሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1963 ጃክሰንቪል ላይ ሲያሸንፍ ድሉ መጀመሪያ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ በኋላ «የቆጠራ ስሕተት ነው» ተባለ። ዋንጫው ለቤተሰቡ የተሰጠው በ2021፣ እሱ ከሞተ ከ30 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ያም አገር ፍትሕ የሞላበት ነው አልልም።

ከዚያ ታሪክ ልንማርበት የሚገባው ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2001 መጀመሪያ ባለው ጊዜ በናስካር ትልልቅ ውድድሮች መድረክ አራት ሾፌሮች ሞቱ። የመጨረሻው በየካቲት 2001 ዴይቶና ላይ፣ በመጨረሻው ዙር፣ ከግንብ ጋር የተጋጨው ስመ ጥሩው ዴል ኧርንሃርት ነበር። «ቀስ ብሎ ቢነዳ ኖሮ» ብሎ መዝገቡን መዝጋት ይቻል ነበር፤ በመጨረሻው ግን እንዲያ አልተደረገም። በዚያው ዓመት አንገትና ራስ የሚደግፍ መሣሪያ ግዴታ ሆነ፤ ከ2002 ጀምሮ ግጭትን የሚያለዝብ ግንብ ተተከለ። ከዚያ ወዲህ ከ20 ዓመት በላይ አልፎ፣ በሦስቱ ዋና ዋና የናስካር ደረጃዎች በውድድር ላይ የሞተ ሾፌር የለም። መኪኖቹ አልዘገዩም፤ ሾፌሮቹም መላእክት አልሆኑም። የተለወጠው ጥያቄው ነው፤ «ማን አጠፋ?» ከማለት «ምን ገደለው?» ወደ ማለት ተሻገሩ።

የእኛ መንግሥታትስ? ጫት የውጭ ምንዛሪ ሲያስገኝ ኖሯል፤ ቀረጡም አልተዘነጋም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የጫት ኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 767 በያንዳንዱ ኪሎ 5 ብር ጥሎ ነበር። ልብ በሉ! በኪሎ ለማስከፈል መጀመሪያ መመዘን ያስፈልጋል። መንግሥት ሌሊቱን ቅጠሉን የሚመዝንበት ሚዛን፣ ደረሰኝ የሚቆርጥበት ሠራተኛ፣ ገመድ የሚዘረጋበት ኬላ አላጣም። የቅጠሉ ኪሎ ተመዘነ፤ የሾፌሩ እንቅልፍ ግን አልተመዘነም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208ም ፍጥነትን ሲቀጣ በዋናነት ያይ የነበረው መሪ የጨበጠውን ነበር። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካልደረስክ ሂሳብ የለህም» ያለውን ነጋዴ የሚጠይቀው የለም።

«ታዲያ ጫት ይታገድና እንገላገል» የሚል አይጠፋም። ስለ ጫት ጉዳት ሌላ ቀን እንነጋገር። ለዚህ ጉዳይ ግን እገዳው መፍትሔ አይሆንም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ ስታግድ ያፈራችው በሌሊት መብራቱን አጥፍቶ የሚከንፍ ሾፌር ነው። ብሪታንያ በ2014 ጫትን ከለከለች፤ የመቻራ ገበሬ ግን ጫቱን አልነቀለም።

እኔ የምለው ቀላል ነው። መኪናው መነሻው ላይ የሚያልፍበት ኬላ የመነሻ ሰዓቱን በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። የመጨረሻው ኬላ የደረሰበትን ሰዓት ይመልከት። በሕጋዊ ፍጥነት ሊደረስበት የማይቻል ሰዓት ከተገኘ፣ ቅጣቱ ከሾፌሩ ጋር በጭነቱ ባለቤትና በመኪናው ባለንብረት ላይ ይውደቅ፤ በነሱ ላይ ደግሞ ይክበድ። አሰበ ተፈሪ ላይ ሾፌር የሚቀያየርበት ሥርዓት ይዘርጋ። ለዚህ ሳተላይት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው እስክሪብቶና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰዓት ነው። አንዱ ነጋዴ ብቻ ቀስ ቢል ገበያውን ይነጠቃል፤ ሁሉም እኩል ቀስ እንዲሉ ሲገደዱ ግን የጠዋቱ ዋጋ ለሁሉም እኩል ይጠብቃል። መንግሥት የሚባለው ነገር የሚያስፈልገውም እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰው ውስጥ ከ26 በላይ የሚሆነው በየዓመቱ በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። በዚያ ቁጥር ውስጥ እረኛው አለ፤ ገበያ የሄደችው እናት አለች፤ ሾፌሩና ከጭነቱ ላይ የተኛው ረዳትም አሉ። እነዚህን ሁሉ በአንድ የቅጽል ስም ሸፍነን እስከ መቼ እናልፋለን?

መቻራ ስመለስ ልጆቹ ዛሬም ክላክስ ሰምተው ሲወራረዱ አያለሁ። አልቆጣቸውም፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩና። የምመኝላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያደንቁት ሾፌር አርጅቶ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ የወጣትነቱን ሩጫ ሲያወራላቸው እንዲሰሙ።