ከመነጽሩ በፊት የደም ግፊት መለኪያው፦ የነፍሰ ጡር ዓይንና የቀዶ ሕክምና ውሳኔ

ከፍተኛ ማዮፒያ ያለባት ነፍሰ ጡር ስታምጥ ሬቲናዋ እንዳይላቀቅ በቀዶ ሕክምና ትገላገል የሚል ምክር በልዩ ልዩ አገሮች ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ቆይቷል። የምክሩ መነሻ ማማጥ ዓይንን ይጎዳል የሚል ግምት እንጂ ማስረጃ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ጥናት ለሬቲና መላቀቅ የሚያጋልጥ ችግር የነበረባቸው 10 ሴቶች በምጥ ከወለዱ በኋላ ሲመረመሩ የከፋ ለውጥ አልታየባቸውም። ተሳታፊዎቹ ጥቂት መሆናቸው አይካድም፤ ይሁንና ግምቱን የሚደግፍ የተሻለ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ ማዮፒያ ብቻውን የቀዶ ሕክምና ምክንያት ሊሆን አይገባም። በስኳር ሕመም ሳቢያ በሬቲናዋ ላይ አዲስ የደም ሥር የበቀለባት እናት ጉዳይ ግን በዓይንና በማሕፀን ሐኪሞች በጋራ ሊመዘን ይገባዋል።

ይህ ክርክር ለአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ለሉማሜና ለአካባቢዋ እናቶች ሩቅ አይደለም። የማሕፀን ጠባሳ በቀጣዩ እርግዝና የማሕፀን መተርተርንና የእንግዴ ልጅ መጣበቅን አደጋ ይጨምራል፤ የገጠር እናት ደግሞ ቀጣዩ ምጧ ከሆስፒታል ርቃ ሊጀምራት ይችላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በቀዶ ሕክምና የተወለዱ ሕፃናት በአገር ደረጃ 2 በመቶ ገደማ፣ በአዲስ አበባ ግን 21 በመቶ ገደማ ነበሩ። እንዲህ ባለ ሁኔታ እጥረት ያለበት አገልግሎት ለሚያስፈልጋት እናት ሊደርስ ይገባል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ተቃራኒው ስሕተት ነው። ትራኮማ በተስፋፋበት ክልላችን አንዲት ነፍሰ ጡር «ዓይኔን ብዥ አለኝ» ስትል ሕመሙን በትራኮማ፣ በጭስ ወይም በመነጽር እጦት ማመካኘት ይቀላል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚከሰት ብዥታ፣ በተለይ ራስ ምታት ከታከለበት፣ የፕሪኤክላምፕሲያ ምልክት ሊሆን ይችላል። በዚህ ሕመም ከሬቲና ሥር የሚቋጠር ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይመጠጣል፤ እናቲቱን የሚገድላት ግን በጊዜ ያልታወቀው የደም ግፊትና የሚከተለው መንቀጥቀጥ ነው። ለዚህም ማግኒዥየም ሰልፌት አለ። የሚያስቸኩለው መገላገሏ ነው፤ በምጥ ወይስ በቀዶ ሕክምና የሚለውን የሚወስነው የእናትና የፅንስ ሁኔታ እንጂ ዓይኗ አይደለም።

ስለዚህ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ፦ በምሥራቅ ጎጃም ጤና ጣቢያዎች የእይታ ችግር ከተመዘገበባቸው ነፍሰ ጡሮች መካከል በዚያው ዕለት የደም ግፊታቸው የተለካና ሽንታቸው ለፕሮቲን የተመረመረ ስንቶቹ ናቸው? መልሱ ከነባር የክትትል ካርዶች ሊገኝ ይችላል፤ ካርዶቹን መመርመር ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።